ኢሜይሉ ተልኳል፤ ፓቹ አልተጫነም

ማርች 7 ቀን 2017 (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አፓቼ ስትረትስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ አደገኛ ክፍተት መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ፣ ፓቹም፣ አብሮ ወጣ። በማግስቱ የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር አደጋ ክትትል ቡድን ማስጠንቀቂያውን ለድርጅቶች በተነ። ማርች 9 ኢኩፋክስ የተባለው የብድር መረጃ ኩባንያ ከ400 ለሚበልጡ ሠራተኞቹ ኢሜይል ላከ፤ ሶፍትዌሩን የምትጠቀሙ ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ፓቹን ጫኑ የሚል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ በደንቡ ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴዎች ባወጧቸው ሪፖርቶች ማንበብ ይቻላል። ሶፍትዌሩ የት የት እንዳለ የሚያውቀው ፕሮግራመር በኢሜይል ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። አለቃው ኢሜይሉ ደርሶታል፤ ግን አላስተላለፈለትም። ሳምንት ሳይሞላ ክፍተት የሚያስስ ፕሮግራም (ስካነር) ተለቀቀ፤ ይሁን እንጂ የፈተሸው ዋናውን ማውጫ ብቻ ስለነበር፣ ክፍተቱ ያለበትን ንዑስ ማውጫ ሳይነካ «ምንም የለም» ብሎ ተመለሰ። ሜይ 13 ሰርጎ ገቦቹ ገቡ። 76 ቀን ቆዩ። ሳይመሰጠር የተቀመጠ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አግኝተው ወደ 48 ሌሎች ዳታቤዞች ተሻገሩ፤ 9,000 ያህል ጥያቄዎችንም አስኬዱ። የሚወጣውን ትራፊክ መፈተሽ የነበረበት መሣሪያ የዲጂታል ሰርተፍኬቱ (የተመሰጠረውን ለመክፈት የሚያስፈልገው የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ) ጊዜ ካለፈ ወራት ተቆጥረው ስለነበር፣ የተመሰጠረውን ትራፊክ ከፍቶ ማየት አይችልም ነበር። ጁላይ 29 ሰርተፍኬቱ ሲታደስ አጠራጣሪው ትራፊክ ወዲያው ታየ። እስከዚያ ድረስ የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ወጥቷል።

ጥቃቱ ሲደርስ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ሪቻርድ ስሚዝ ለምክር ቤቱ ሲመሰክሩ የአንድ ሰው ስህተትና የአንድ ስካነር ድክመት መሆኑን ተናገሩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን ማብራሪያ አይሆንም። የሚሊዮኖች መረጃ አንድ ሰው ኢሜይል በማስተላለፉና ባለማስተላለፉ ላይ ከተንጠለጠለ፣ የተሳሳተው ያ ሰው ብቻ አይደለም። ኩባንያው ፖሊሲ ነበረው፤ አደገኛ ክፍተት በ48 ሰዓት ይደፈን የሚል በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ። በ2015 የተደረገ የውስጥ ኦዲት ደግሞ ጊዜያቸው ያለፈ ከ8,500 በላይ ክፍተቶች እንዳሉና ፓች የሚጫነው በሠራተኛው በጎ ፈቃድ እንደሆነ አስቀድሞ ተናግሯል። ማን ተመልሶ አየው? ማንም።

የሳይበር ደህንነት ፕሮግራምን መምራት ሲባል ቶሎ የሚነሳው የትኛው መሣሪያ ይገዛ፣ የትኛው ስታንዳርድ ይመረጥ የሚለው ነው። በስታንዳርድ ምርጫ ላይ ወራት የሚፈጁ ድርጅቶች አይገቡኝም። ዓለም አቀፉ የመረጃ ደህንነት ስታንዳርድ አይኤስኦ 27001 በ2022 እትሙ 93 መቆጣጠሪያዎች አሉት። ሲአይኤስ የተባለው የደህንነት እርምጃዎች ዝርዝር በ8ኛ እትሙ 18 አርእስት ይዞ ለትንሽ ድርጅት የሚሆኑ 56 መነሻ እርምጃዎችን ለይቶ ያስቀምጣል። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም የኒስት ማዕቀፍ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ከነበሩት አምስት ምሰሶዎች ላይ በፌብሩዋሪ 2024 ስድስተኛ ጨምሮ «አስተዳደርን» ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎታል። ባለሙያ ለሌለው ድርጅት ከ56ቱ መጀመር ይሻላል፤ ደንበኛ ሰርተፍኬት ከጠየቀ ወደ አይኤስኦ መሄድ ነው። ከዚህ በላይ ክርክር አያስፈልገውም። ከባዱ ሥራ ያለው የተባለው ነገር መደረጉን ማወቅ ላይ ነው።

ለዚህ መጀመሪያ ምን እንዳለ መታወቅ አለበት። ሁሉም ድርጅት «የንብረት መዝገብ አለን» ይላል፤ ሲከፈት ከሁለት ዓመት በፊት የተዘጋጀ ኤክሴል ሆኖ ይገኛል። የሚሠራው መንገድ ከሦስት ቦታ ዝርዝር አምጥቶ ማስተያየት ነው፤ ከኔትወርክ ስካን፣ ከፋይናንስ ክፍል የግዥና የክላውድ ክፍያ መዝገብ፣ እንዲሁም በድርጅቱ ስም ከተመዘገቡ ዶሜይኖች (የድረ ገጽ አድራሻዎች) እና ዲጂታል ሰርተፍኬቶች። ሦስቱ መቼም አይገጥሙም። ፋይናንስ የሚከፍልበት ግን አይቲ የማያውቀው ሰርቨር፣ ማርኬቲንግ ለአንድ ዘመቻ ከፍቶ የረሳው ድረ ገጽ፣ ኔትወርኩ ላይ ያለ ግን ማንም ያልገዛው ሳጥን ይወጣል። ያ ልዩነት የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ግኝት ነው፤ ለሥራ አመራርም ከየትኛውም ስላይድ በላይ ይናገራል።

መዝገቡ ስምንት ዓምድ ይበቃዋል፦ ስም፣ ያለበት ቦታ፣ የሚሠራው ሥራ፣ ከኢንተርኔት ይታያል ወይስ አይታይም፣ የያዘው መረጃ፣ ቴክኒካዊ ባለቤት፣ የሥራ ክፍል ባለቤት፣ የአምራቹ ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን። አርባ ዓምድ ያለው መዝገብ ሦስት ወር አይቆይም። ባለቤት በሚለው ዓምድ ላይ «አይቲ ክፍል» ተብሎ ከተጻፈ ባለቤት የለውም ማለት ነው፤ የሰው ስም ይጻፍ። ሰው ሲለቅ ደግሞ ስሙ መዝገቡ ላይ ተጎልቶ እንዳይቀር፣ የሰው ሀብት ክፍል የመልቀቂያ ቅጽ ላይ «በስሙ ያሉ ሲስተሞች ለማን ተላለፉ?» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ቅጹ ሳይሞላ ክሊራንስ አይሰጥም። ከብዙ ውድ ሶፍትዌር ይልቅ ይህች መስመር መዝገቡን በሕይወት ታቆየዋለች።

የሰርቨር ዝርዝር ብቻውን ግን ኢኩፋክስንም አያድነውም ነበር። ስትረትስ በሌላ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ የተሸጎጠ ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚወሰድ የኮድ ስብስብ ነው። በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በተባለ ሌላ ላይብረሪ ላይ ክፍተት ሲገኝ ዓለም የተተራመሰው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ፓቹ ወጥቶ እያለ ላይብረሪው የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ራሱ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት እያንዳንዱ ሲስተም በምን በምን ላይብረሪ፣ በስንተኛው እትም እንደተሠራ የሚዘረዝር ፋይል ፕሮግራሙ በተገነባ ቁጥር በራሱ እንዲወጣ ያድርግ። ከሻጭ የሚገዛ ደግሞ ይህን ዝርዝር በውሉ ውስጥ ይጠይቅ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም።

ቀጥሎ የጊዜ ገደብ። ሁሉም ክፍተት በአንድ የጊዜ ገደብ ይደፈን ማለት ምንም እንዳለመጠየቅ ነው፤ በየወሩ በሺዎች የሚቆጠር ዝርዝር የሚደርሰው ቡድን ከላይ ቆጥሮ ይደክማል። ለክፍተቱ ክብደት ከሚሰጠው ነጥብ ይልቅ ሁለት ጥያቄ ይቅደም፦ ከኢንተርኔት ይታያል ወይ? አጥቂዎች አሁን እየተጠቀሙበት ነው ወይ? የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲ ሲሳ ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ በተግባር ጥቃት የተፈጸመባቸውን ክፍተቶች ዝርዝር በነፃ ያወጣል። ለሁለቱም መልሱ አዎ ከሆነ 48 ሰዓት፣ ለአንዱ ብቻ ከሆነ 7 ቀን፣ ለሌላው 30 ቀን፤ ይህ ለብዙ ድርጅት ሊደረስበት የሚችል ገደብ ነው። 48 ሰዓቱ ሲቆጠር የሳምንቱ መጨረሻም ይገባል። ስለዚህ ቅዳሜ ሌሊት ሲስተም የማቆም ፈቃድ ማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ካልተወሰነ ገደቡ ከወረቀት አያልፍም።

ሥራው የሚዘጋው ሠራተኛው «ጨርሻለሁ» ስላለ ሳይሆን የሚቀጥለው ስካን ክፍተቱን ሲያጣው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው፣ ስካነሩ የመግቢያ አካውንት ሳይሰጠው ከውጭ ብቻ ያያል፤ በኔትወርክ ወደቡ (የመገናኛ በሩ) ላይ የሚታየውን እንጂ ማሽኑ ውስጥ የተጫነውን አያውቅም፤ ሪፖርቱ ንጹሕ የሚመስለውም ለዚህ ነው። በመግቢያ አካውንት ከተፈተሹት ማሽኖች ውስጥ መግባት የተሳካው በስንቱ እንደሆነ በየሳምንቱ ይቆጠር። ሁለተኛው፣ ስካነሩ ራሱ ሥራ ማቆሙን የሚያይ የለም። ቀላል መፍትሔ አለው፦ ከሌላው ኔትወርክ ተነጥሎ የተቀመጠ፣ ሆን ተብሎ አሮጌ እትም የተጫነበት አንድ የሙከራ ማሽን ይኑር። ስካነሩ እሱን ካላገኘ የዚያ ሳምንት ሪፖርት በሙሉ አይታመንም።

ለዲጂታል ሰርተፍኬትና ለሎግም (ሲስተሞች ስለ ሥራቸው ለሚጽፉት መዝገብ) ያው ነው። ሰርተፍኬት ከማብቃቱ 60፣ 30 እና 7 ቀን ሲቀረው ማሳሰቢያው ቢያንስ ለሁለት ሰው ይሂድ፤ አንዱ እረፍት ላይ ይሆናላ። ሎግ ይልክ የነበረ ሰርቨር ወይም ፋየርዎል (የኔትወርክ በር ጠባቂ) ለ24 ሰዓት ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ማንቂያ ያስነሳ። ብዙ የክትትል ክፍሎች የሚመጣውን ሎግ ይመለከታሉ እንጂ ያልመጣውን አይቆጥሩም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው።

ፓች የማይጫንበት ሲስተም ሁልጊዜ ይኖራል፤ አምራቹ የጠፋ የፋብሪካ ማሽን፣ ቢነኩት የሚወድቅ የሂሳብ ፕሮግራም። ይህን መካድ ሠራተኛው እንዲደብቅ ማድረግ ነው። ይልቁንስ የልዩ ፈቃድ መዝገብ ይከፈት። ፈቃዱን የሚፈርመው የደህንነት ኃላፊው ሳይሆን ከሲስተሙ የሚጠቀመው የሥራ ክፍል ኃላፊ ነው፤ አደጋው የእሱ ነውና። ቅጹ ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ እስከዚያ ምን መከላከያ እንደተደረገ (ለምሳሌ ማሽኑ በተለየ ኔትወርክ ውስጥ ገብቶ ከሁለት ሰርቨር በስተቀር ከማንም ጋር እንዳይነጋገር)፣ እና ከ90 ቀን የማይበልጥ ማብቂያ ቀን ይሰፍራል። የሚበላሸው እድሳቱ ላይ ነው። ሦስተኛ ጊዜ የታደሰ ፈቃድ ፈቃድ መሆኑ ቀርቷል፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፊት ይቅረብ። አብዛኛው «የማይቻል» ፓች እዚያ ሲደርስ ይቻላል።

የደህንነት ኃላፊው ተጠሪነት ለማን ይሁን የሚለው ማለቂያ የሌለው ክርክር ነው። ኢኩፋክስ ውስጥ ደህንነት በሕግ ክፍል ኃላፊው ሥር፣ አይቲ ደግሞ በሌላ ኃላፊ ሥር ነበሩ፤ ሪፖርቱም ይህን ክፍተት በስም ጠቅሶታል። በአይቲ ሥር ሲሆን ደግሞ ፕሮጀክት የማድረስ ጥድፊያ ደህንነትን ይውጠዋል። ፍጹም የሆነ ቦታ የለም። ከመዋቅሩ ይልቅ ሁለት ነገር በጽሑፍ መኖሩ ይበልጣል፦ ቢያንስ በሦስት ወር አንዴ አለቃው ሪፖርቱን ሳያርምበት ለቦርዱ በቀጥታ የመናገር መብት፣ እና በጥቃት ወቅት ማንንም ሳያስፈቅድ ሲስተም የመነጠል ሥልጣን፤ የትኞቹን ሲስተሞች እንደሆነ በስም ተዘርዝሮ።

ቦርዱ ፊት ደግሞ «በዚህ ሩብ ዓመት ይህን ያህል ሚሊዮን ጥቃት አከሸፍን» የሚል ቁጥር ይዞ መቅረብ ይቅር። ፋየርዎል ላይ የሚያርፍ እያንዳንዱ ተራ ፍተሻ የሚቆጠርበት ቁጥር ነው፤ ከፍ ቢል ዝቅ ቢል ማንም ምንም አይወስንበትም። ከኢንተርኔት ከሚታዩት ሲስተሞች ስንቱ ከገደቡ አልፎ ሳይደፈን ቆየ? ስንቱ አካውንት ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ከሚጠየቅ ኮድ ወይም ቁልፍ) ይገባል? ጊዜው ያለፈ ልዩ ፈቃድ ስንት ነው፣ በማንኛው ክፍል? ዋና ዋናዎቹ ሲስተሞች ከመጠባበቂያ ቅጂ ሲመለሱ ለመጨረሻ ጊዜ የተሞከረው መቼ ነው፣ ስንት ሰዓት ፈጀ? አራት ቁጥር ይበቃል። ፐርሰንት ሲቀርብ ደግሞ ከስንት ውስጥ እንደሆነ አብሮ ይነገር፤ «98 በመቶ» የሚለው ከተመዘገቡት ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ካሉት ሁሉ?

98 በመቶ የምትለዋ ቁጥር በተለይ በሁለተኛ ማረጋገጫ ላይ አታላይ ናት። በሜይ 2021 የአሜሪካው ኩባንያ ኮሎኒያል ፓይፕላይን የነዳጅ መስመሩን ለቀናት እንዲዘጋ ያደረገው ራንሰምዌር (መረጃ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም) የገባው ሥራ ላይ አይውልም ተብሎ በተረሳ አሮጌ የቪፒኤን (ከርቀት መግቢያ) አካውንት ነው፤ የይለፍ ቃል እንጂ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በፌብሩዋሪ 2024 ቼንጅ ሄልዝኬር በተባለው የአሜሪካ የሕክምና ክፍያ አቀናባሪ ኩባንያ ላይ የደረሰውም እንደዚሁ በተሰረቀ የይለፍ ቃል፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ በሌለው አንድ የርቀት መግቢያ በኩል ነበር፤ ወደ 190 ሚሊዮን ሰው ነክቷል። በዚያ ኩባንያ ደንብ መሠረት ከውጭ የሚታይ ሲስተም ሁሉ ሁለተኛ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባ ነበር። አጥቂው የሚፈልገው የቀረችውን አንዷን ነው። ስለዚህ ከፐርሰንቱ ይልቅ የቀሩት አካውንቶች ዝርዝር በስም ይቅረብ፤ የቀድሞ ሠራተኞች፣ የአቅራቢዎች፣ የፕሪንተርና የስካነር አካውንቶች፣ «ለአስቸኳይ ጊዜ» ተብለው የተቀመጡ አድሚኖች (ሙሉ ሥልጣን ያላቸው አካውንቶች)። ቅደም ተከተሉ አድሚኖች፣ ቀጥሎ የርቀት መግቢያ፣ ቀጥሎ ኢሜይል፣ ከዚያ ሌላው ነው። በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ለአድሚን ግን በሐሰተኛ ገጽ የማይታለል የፊዶ ቁልፍ (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ) ወይም ፓስኪ (ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ዲጂታል ቁልፍ) ይሁን። ስልክ ላይ «ፍቀድ» የሚል ጥያቄ ብቻ የሚልክ ዘዴ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ሰው ሰልችቶት ይጫነዋል፤ ቢያንስ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንዲያስገባ ይደረግ።

መጠባበቂያ ቅጂ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ድርጅት የሚወድቀው እዚህ ነውና። ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የመርከብ ኩባንያውን መርስክን ሲመታ፣ ሰርቨሮች ከቅጂ ሊመለሱ የሚችሉ ነበሩ። የጠፋው የዶሜይን ኮንትሮለሮቹ ቅጂ ነው፤ ማለትም ማን ማን እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሚፈቀድለት የያዙት ማሽኖች። እርስ በርስ ስለሚገለባበጡ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፉ። የተረፈው ጋና ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ጥቃቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ወጥቶ ነበር። ኩባንያው በአሥር ቀን 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ጫነ፤ ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። መገለባበጥ መጠባበቂያ አይደለም፤ ጥፋቱንም አብሮ ይገለብጣል።

የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ የሚል ነው። ዛሬ አንድ ቅጂ ከኔትወርክ ፈጽሞ የተነቀለ ወይም ለተወሰነ ጊዜ ማንም ሊሰርዘው የማይችል መሆን አለበት። የቅጂ ሲስተሙ አድሚን አካውንት ከድርጅቱ ዋና ዶሜይን (የሁሉም ሠራተኛ መግቢያ ከሚያልፍበት ሥርዓት) ጋር መያያዝ የለበትም፤ ራንሰምዌር የሚለቁ ሰዎች ዶሜይኑን እንደያዙ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቅጂው ነው። ቀጥሎ ሒሳቡ። 40 ቴራባይት መረጃ በአንድ ጊጋቢት መስመር ለመመለስ፣ መስመሩ ያለ ምንም መቆራረጥ ሙሉ ፍጥነት ቢሠራ እንኳ 89 ሰዓት ገደማ፣ አራት ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ይፈጃል። ፖሊሲው «በ24 ሰዓት እንመለሳለን» ካለ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይጠየቅ። በሦስት ወር አንዴ አንድ ሙሉ ሲስተም፣ አንድ ፋይል ሳይሆን፣ ባዶ ማሽን ላይ ይመለስ፤ የሥራ ክፍሉ ሰው ገብቶ መሥራቱን አይቶ ይፈርም። የመጀመሪያው ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ የሚደናቀፈው በመረጃው ሳይሆን የማመስጠሪያ ቁልፉ ወይም የላይሰንስ ቁጥሩ በዚያው ጠፋ በተባለው ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ስለሚገኝ ነው።

ስለ ሠራተኛ ሥልጠና ብዙ አልልም። በዓመት አንዴ የሚታይ ቪዲዮ ለኦዲተር እንጂ ለሌላ አይጠቅምም። የሙከራ ፊሺንግ (አታላይ ኢሜይል) ሲላክ ስንት ሰው ነካው ከሚለው ይልቅ የመጀመሪያው ሰው በስንት ደቂቃ ሪፖርት አደረገ የሚለው ይለካ፤ አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ከተናገረ ኢሜይሉ ከሁሉም ሳጥን ሊሰረዝ ይችላል። የነካውን የሚያሳፍር ድርጅት ሪፖርት አይመጣለትም። የይለፍ ቃል በየ90 ቀኑ ቀይሩ የሚለውም ይቅር፤ ኒስት በ2017 መመሪያው፣ ተሰርቋል የሚል ምልክት ከሌለ በየጊዜው መቀየርን አትጠይቁ ብሏል። ሰው ሲገደድ መጨረሻው ላይ ቁጥር ይጨምራል፣ ሌላ ነገር አያደርግም።

አቅራቢዎችም አሉ። በ2013 የአሜሪካ የመደብር ሰንሰለት በሆነው ታርጌት ላይ 40 ሚሊዮን የባንክ ካርድ የተሰረቀው ከማቀዝቀዣ ሥራ ተቋራጭ በተወሰደ መግቢያ ተጀምሮ ነው። መቶ ገጽ መጠይቅ ልኮ «አዎ» የሚል መልስ መሰብሰብ ግን አቅራቢን መቆጣጠር አይደለም። የእያንዳንዱ አቅራቢ አካውንት ምን ድረስ እንደሚደርስ ማየትና ማጥበብ፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት መዝጋት፤ ይህ በእጅ ያለ ነገር ነው። ታርጌት ላይ ማንቂያውም ጮኾ ነበር፤ አይቶት በጊዜው እርምጃ የወሰደ ግን አልነበረም።

ጥቃት ሲደርስ የሚመራበት ሰነድ ከአምስት ገጽ ካለፈ ማንም አያነበውም። ስልክ ቁጥሮች በወረቀት ይታተሙ፤ ኢሜይሉና የውስጥ መልእክት መላኪያው በአጥቂው እጅ ሊሆን ይችላልና፣ ከድርጅቱ ሲስተም ውጭ የሆነ መነጋገሪያ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ማሽን ከኔትወርክ ይነቀል እንጂ በጥድፊያ አይጥፋ፣ እንደ አዲስም አይጫን፤ ሜሞሪው ላይ ያለው ማስረጃ ሲጠፋ አጥቂው በየት እንደገባ ሳይታወቅ ይቀርና በሳምንቱ በዚያው በር ይመለሳል። ሕጉም ሰዓት ይቆጥራል። የአውሮፓው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ባወቃችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አሳውቁ ይላል፤ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በ2023 ደንቡ፣ ጉዳቱ ከባድ መሆኑ ከተወሰነ በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ይላል። ስለዚህ «መቼ አወቅን?» የሚለው ጥያቄ በኋላ ገንዘብ ያስከፍላል።

ለዚህ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ምንም ሌላ ሥራ የማይሰጠው አንድ ጸሐፊ ይመደብ፤ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንደወሰነ፣ በወቅቱ ምን ይታወቅ እንደነበር ብቻ ይጽፋል። ፈረቃውም ከመጀመሪያው ሌሊት ይጀምር፤ በተከታታይ ከ12 ሰዓት በላይ ማንም አይሠራም። ጎበዙ ባለሙያ «ልጨርሰው» ብሎ 30 ሰዓት ተቀምጦ በ31ኛው ሰዓት የተሳሳተውን ዲስክ ያጠፋል። የመጀመሪያው ፈረቃ ወደ ቤቱ እንዲሄድ የማዘዝ ሥራ የኃላፊው ነው፤ ኃላፊውንም የሚተካው ሰው ስሙ በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።